በኢንተርኔት ያወቃችሁትን ሰዓሊ በአካል ስታገኙ

ሁለት ዓመት ያህል በሜሴጅ ብቻ የማውቃት ሰዓሊ ነበረች። ሥራዎቿን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሰማያዊዋን እንዴት እንደምትቀላቅል፣ ጥላ ስትሠራ ለምን ጥቁር እንደማትነካ፣ አንድ ሥዕል እምቢ ሲላት ስንት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምታቆየው ነግራኛለች።

በአካል ስንገናኝ ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ከሥራዎቿ ሁሉ አብልጬ የምወደው ሥዕል ነበር። በስልክ ሳየው ግድግዳ የሚሞላ ይመስለኝ ነበር። መዳፌን አያክልም። ጠርዙን ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳዘነብለው፣ ቀለሙ ውስጥ ተጣብቃ የቀረች አንዲት የብሩሽ ፀጉር አየሁ። ስንት ጊዜ አጉልቼ ያየሁት ሥዕል ላይ ያቺን ፀጉር አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ የተዋወቅኳቸውን በርካታ ሰዓሊዎች አግኝቻለሁ። አንዳንዱ ቀጠሮ ልብ የሚሞላ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ገና በግማሽ ሰዓቱ ወሬ አለቀብን። ልዩነቱን ሳስበው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ላይ እደርሳለሁ። ጥሩ በሄዱት ቀናት መሃላችን ሥራ ነበር። ወሬው ሲያልቅ የሚያዝ እርሳስ፣ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ሲከብድ አብረን የምናየው ወረቀት ነበረን። ባልሄዱት ቀናት ፊት ለፊት ተቀምጠን ስለ ሥዕል አወራን እንጂ ሥዕል አልነካንም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው።

1. ለምን እንደምትገናኙ ቀድማችሁ ተነጋገሩ

"እስቲ አንድ ቀን እንገናኝ" የሚለው ሜሴጅ ደስ ይላል፤ ግን ምንም አይልም። አንዱ አስተያየት ፈልጎ ይመጣል። ሌላው ጓደኛ ፈልጎ። ሌላው ደግሞ የጋራ ኤግዚቢሽን አስቦ። ይህ ሳይነገር ከተገናኛችሁ አንዳችሁ ቅር ብሏችሁ መሄዳችሁ አይቀርም።

ስለዚህ የምትፈልጉትን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን አብረን ብንስል ደስ ይለኛል። የጀመርኩትን ሥራም ይዤ ልምጣና አይተህ የመሰለህን ንገረኝ።" ምን እንደምትሠሩ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምን እንደሚመጣ፤ ሁሉም አለበት። እንዲህ ያለ ሜሴጅ ቀጠሮው የፍቅር ይሁን የሥራ ለሚጠራጠር ሰውም መልስ ይሰጣል። ያ ጥርጣሬ ሳይጠራ መገናኘት ለሁለቱም ይከብዳል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በጽሑፍ "እርስዎ" ሲባባሉ የከረሙ ሰዎች በአካል ሲገናኙ ምላሳቸው ይያዛል። "አንተ" ልበል ወይስ "እርስዎ" እያለ የሚያመነታ ሰው ዓረፍተ ነገሩን አይጨርስም። ከቀጠሮው በፊት "አንቺ ብንባባል ምን ይመስልሻል?" ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ሰውየው በዕድሜ በጣም የሚበልጣችሁ ከሆነ ግን ሐሳቡ ከእሳቸው ይምጣ።

2. ሰውየው እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ

ሥዕል የተለጠፈበት ገጽ ሁሉ የሰዓሊው ገጽ ላይሆን ይችላል። የሰው ሥራ ወስደው የሚለጥፉ አሉ። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አሠርተው የእጄ ነው የሚሉም አሉ። ማጣራት ሰውን መጠርጠር ስለሚመስል ብዙዎቻችን እናፍራለን። በዚህ ማፈር አያስፈልግም። ጨዋ ሰው ሲጣራበት አይከፋም።

ከሁሉ የሚሻለው አሥራ አምስት ደቂቃ የቪዲዮ ኮል ነው። "አሁን የያዝከውን ሥራ አሳየኝ" በሉት። የሚስል ሰው ጠረጴዛ ያስታውቃል። የደፈረሰ ውሃ ያለበት ብርጭቆ፣ ተፍቆ ዱካው የቀረ መስመር፣ ሳይከደን የተረሳ ቀለም አይጠፋበትም። በዲጂታል የሚስል ከሆነ ፋይሉን ከፍቶ ሌየሮቹን፣ ማለትም ሥዕሉ የተሠራባቸውን ተደራራቢ ንብርብሮች፣ አንድ በአንድ እንዲያጠፋና እንዲያበራ ጠይቁት። ያለቀ ምስል መስረቅ ቀላል ነው፤ ጅምሩን፣ የተሳሳተውን፣ የተደረበውን መስረቅ ግን ይከብዳል። ሥዕሉን በጎግል የምስል ፍለጋ ማስገባትም ሌላ ስም ላይ መገኘት አለመገኘቱን ያሳያል።

ገንዘብ ከተነሳ ቆም በሉ። ሰዓሊዎች ላይ የሚደጋገም አንድ ማጭበርበሪያ አለ። ገዢ ነኝ ባዩ ሥራችሁን ልግዛ ይላል። ከዋጋው በላይ በቼክ ይልካል። ከዚያ "ትርፉን ለአጓጓዡ ላኩልኝ" ይላችኋል። ቼኩ የውሸት ሆኖ ባንኩ ሲመልሰው እናንተ የላካችሁት ብር ሄዷል። ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት ብድር፣ የትራንስፖርት ክፍያ ወይም የአካውንት ቁጥር የሚጠይቃችሁ ሰው ጋ አትሂዱ።

ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ወላጅ ወይም የምታምኑት ትልቅ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። ይህ ላይ ድርድር የለም።

3. ቦታውን በጥንቃቄ ምረጡ

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ቤትም ስቱዲዮም አይሁን። ሰው የሚበዛበት፣ በፈለጋችሁ ሰዓት ተነስታችሁ መውጣት የምትችሉበት ቦታ ይሁን። የት እንደምትሄዱ፣ ማንን እንደምታገኙና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ሎኬሽናችሁንም ላኩለት። በራሳችሁ ትራንስፖርት ሂዱ፣ በራሳችሁ ተመለሱ።

ይህ ለማንም ሰው የሚሠራ ነው። ለሰዓሊ ግን ሌላም የሚታይ አለ። ጠረጴዛው ሁለት የተከፈተ ደብተር ጎን ለጎን ይይዛል? የተነቃነቀ ጠረጴዛ ላይ መስመር መሳብ ያናድዳል። ሙዚቃው ይጮሃል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርሃኑ። የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን ቢጫ አምፖል 2700 አካባቢ ነው፤ የቀን ብርሃን ከ5000 እስከ 6500 ይደርሳል። በቢጫው ሥር ሰማያዊ ይደበዝዛል፣ ነጭ ቅቤ ይመስላል። ጓደኛችሁ ወር ሙሉ የለፋበትን ግራጫ በዚያ አምፖል ብታዩት አላያችሁትም። መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት መስኮት ቢሆን ይመረጣል።

አቀማመጥም አለው። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን፣ ወይም የጠረጴዛውን ማዕዘን ይዛችሁ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ስትሆኑ አንዳችሁ ሥዕሉን የምታዩት ተገልብጦ ነው። ዝም ስትሉም መተያየት ግድ ይሆናል። ጎን ለጎን ከሆናችሁ ዝምታው ሥዕል እንደማየት ይቆጠራል።

ሙዚየም ወይም ጋለሪም ጥሩ ነው። እግር እየሄደ ወሬ ይመጣል። ብዙ ሙዚየሞች በእርሳስ መንደፍን ይፈቅዳሉ፤ ቀለምና ፈሳሽ ነገር፣ ፍላሽም ይከለክላሉ። ስለዚህ ደንቡን ቀድማችሁ እዩ። እንዲህ አድርጉ፦ አንድ ክፍል ውስጥ ተለያይታችሁ ዙሩ፤ እያንዳንዳችሁ ወደ ቤት መውሰድ የምትፈልጉትን አንድ ሥዕል ምረጡ። ከዚያ አንዳችሁ ሌላችሁን ወደ መረጣችሁት ውሰዱ። ሰው የሚቆምበት ሥዕል ከፕሮፋይሉ የበለጠ ይናገራል።

4. አጭር ቀጠሮ ያዙ

ሁለት ሰዓት ይበቃል። ረዥም ጊዜ የተጻጻፋችሁት ሰው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምትቆዩ ይመስላችኋል። ግን ሰውን በጽሑፍ መልመድና በአካል መልመድ ለየብቻ ናቸው።

ሰዓሊዎቹ ቫን ጎግና ጎጋን ይህን በከባዱ አይተውታል። ፓሪስ ላይ ቀደም ብለው ተዋውቀዋል። ከዚያ በደብዳቤ ሲጻጻፉ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1888 የገዛ ራሳቸውን ምስል ስለው ተላላኩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጎጋን አርል ወደምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ሄዶ ከቫን ጎግ ጋር አንድ ቤት መኖር ጀመረ። ቫን ጎግ ፊቱ ያለውን እየተመለከተ መሳል ይፈልጋል፤ ጎጋን ከትዝታ። ክርክሩ እየከረረ ሄደ። አብሮ መኖሩ ዘጠኝ ሳምንት ቆይቶ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ቫን ጎግ ጆሮውን በቆረጠበት ምሽት ተቋጨ። በደብዳቤ ሲሆን ሰው ተናዶ መልስ ከመጻፉ በፊት ማደር ይችላል። አንድ ክፍል ውስጥ ያ ዕድል የለም።

ስለዚህ ማብቂያውን ቀድማችሁ ተናገሩ። "አሥር ሰዓት ላይ መሄድ አለብኝ" ማለት ነውር የለውም። ደስ ካላችሁ ማራዘም ትችላላችሁ።

5. ቦርሳችሁን አዘጋጁ

ኦሪጅናል ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። ስልክ ላይ ያለውንማ አይቶታል። ስክሪን ብርሃን ይረጫል፤ ቀለም የተቀባ ወረቀት ደግሞ ያረፈበትን ብርሃን ይመልሳል። የቀለሙ ውፍረት፣ የወረቀቱ ሸካራነት፣ የሥራው መጠን ስልክ ውስጥ አይገቡም። ይህን ለማየት ነው የምትገናኙት።

ሦስት ሥራ በቂ ነው። አንዱ ያለቀና የምትኮሩበት። አንዱ ገና በጅምር ያለ። አንዱ ያልተሳካ፣ ግን መጣል ያቃታችሁ። ሦስተኛውን ይዞ መሄድ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ጥሩው ወሬ የሚነሳው ግን ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው።

አያያዙ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በእርሳስ ወይም በከሰል የተሠራ ከሆነ በገጾቹ መሃል ለስላሳ ስስ ወረቀት አድርጉ፤ ካልሆነ ተፋፍቆ ይደርሳል። የዘይት ቀለም ሲነኩት እጅ ላይ እስከማይይዝ ድረስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ወፍራም ከሆነ ውስጡ ለወራት እርጥብ ነው። ትናንት የነካችሁትን ሥዕል አትያዙ።

በዲጂታል የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ሦስት ሥራ አሳትሙ። ስክሪን ቀለሙን የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያ ደግሞ በአራት ቀለማት ያትማል፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ስለዚህ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ፣ ወረቀት ላይ ሲታተም መፍዘዙ አይቀርም። ቀድማችሁ አሳትሙና እዩት። ታብሌታችሁን ስትይዙ ቻርጀርም ያዙ።

ለመሳያ ብዙ አትሸከሙ። ኤ5 የሚባለው፣ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር የሆነው የንድፍ ደብተር ለየትኛውም ጠረጴዛ ይሆናል። ኤች ቢ፣ 2ቢና 4ቢ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። ውሃ የማያስለቅቀው ቀለም ያለው አንድ እስክሪብቶ፤ በላዩ የውሃ ቀለም ብትቀቡ መስመሩ እንዳይፈስ። የውሃ ቀለም ካሰባችሁ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ያዙ፤ ስሱ ይሸበሸባል። ደግሞም ሁሉንም ከእርሳሱ ጀምሮ ጥንድ ጥንድ አድርጉ። እንግዳው ሳይይዝ ቢመጣ እንኳ አብሮ መሳሉ አይቀርባችሁም።

6. የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ትደነግጣላችሁ። እሱም ይደነግጣል። ድምፁ ካሰባችሁት ይለያል፣ ቁመቱም። በጽሑፍ ተጫዋች የነበረ ሰው በአካል ዝምተኛ ሊሆን ይችላል፤ አልወደደኝም ብላችሁ አትደምድሙ።

"ሥራዎችህን በጣም እወዳቸዋለሁ" ከሚለው ይልቅ አንድ የተለየ ነገር አንሱ። "የበሩ ሥዕል ላይ ግራውን ጥግ ባዶ የተውከው ለምንድን ነው?" ብትሉት መልስ አለው። ሰው ሲወደስ "አመሰግናለሁ" ብሎ ዝም ይላል። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ መፍራቱን ይረሳል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሥራዎቹን ደግማችሁ እዩና እንዲህ ያሉ ሦስት ጥያቄዎች ያዙ።

7. የሰው ደብተር አያያዝ

የንድፍ ደብተር እንደ ማስታወሻ ደብተር ነው። ሰዓሊው ለራሱ ብቻ የሳለው፣ የጻፈው፣ ያለቀሰበት ገጽ ይኖራል። ሲሰጣችሁ "ልግለጥ ወይስ አንተ ታሳየኛለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ራሴ ላሳይ ካለ እጃችሁን ሰብስቡ።

እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ብርጭቆውን ከደብተሩ አርቁት። ገጹን ከላይኛው ጥግ ይዛችሁ በቀስታ ግለጡ፤ ሥዕሉ ላይ ጣት አይረፍ፤ የቆዳ ቅባት ይቀራል። ሸራ ወይም ጣውላ ከሆነ በጠርዙ ብቻ ይያዝ።

ከዚያ ዝም በሉ። የምር ዝም በሉ። ስልክ ላይ ጣታችን ሁለት ሰከንድ አይቶ ማለፍ ለምዷል፤ ያ ልማድ ደብተር ላይም ይከተለናል። አንድ ገጽ ላይ ቢያንስ አሥር ትንፋሽ ያህል ቆዩ። ያቺ ፀጉር የታየችኝ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ጓደኛችሁ "ይሄ እንኳ ዝም ብሎ ነው" እያለ ለማለፍ ቢቸኩል "ቆይ፣ አንዴ" በሉት። ደስ ይለዋል።

8. አብራችሁ ሳሉ

የቀጠሮው ልብ እዚህ ጋ ነው። ግማሹን ጊዜ ለዚህ ስጡ። "ምን እንሳል?" እየተባባላችሁ ጊዜው እንዳያልቅ እነዚህን በተራ ሞክሩ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ሳያዩ መሳል። እያንዳንዳችሁ የግራ እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፤ ግራኝ ከሆናችሁ ቀኙን። ዓይናችሁ እጁ ላይ ብቻ ይሁን። እርሳሱን ከወረቀቱ ሳታነሱ፣ ወረቀቱንም ሳታዩ ለአምስት ደቂቃ የእጁን ዳር ተከተሉ። ዓይናችሁ በሚሄድበት ፍጥነት እርሳሱም ይሂድ። ሲያልቅ ጣቶቹ የትም ተበታትነው ታገኟቸዋላችሁ። ትስቃላችሁ። ማንም ጥሩ ሊስለው በማይችለው ነገር መጀመር ጥሩ ነው፤ በሁለታችሁ መሃል ያለውን የችሎታ ልዩነት ለጊዜው ያነሳዋል። የሚበልጣችሁ ሰው ፊት መሳል የሚያስፈራችሁ ከሆነ ይህን በፍጹም አትዝለሉት።

ቀጥሎ የታጠፈ ወረቀት። እ.ኤ.አ. በ1925 አካባቢ ፓሪስ የነበሩ ሱሪያሊስት፣ ማለትም ከሕልምና ከምናብ ተነስተው የሚሠሩ አርቲስቶች የጀመሩት ጨዋታ ነው። የኤ4 ወረቀት በቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለሦስት እኩል ክፍል ስታጥፉት እያንዳንዱ ክፍል ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንዱ ላይኛው ክፍል ላይ ራስ ይስላል፤ የሰው፣ የእንስሳ፣ የፈለገውን። የአንገቱን ሁለት መስመር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል እጥፋቱን አሳልፎ ይተወዋል። ከዚያ የሳለውን ወደ ኋላ አጥፎ ይሰጣል። ሌላው ከሁለቱ መስመሮች ተነስቶ ደረትና ሆድ ይስላል፤ እሱም የወገቡን መስመር አሳልፎ ያጥፋል። ሦስተኛውን ክፍል የመጀመሪያው ይጨርሳል። ሁለት ወረቀት በአንድ ጊዜ ጀምሩ፤ ማንም ተራ አይጠብቅም። ለእያንዳንዱ ክፍል ሰባት ደቂቃ ይበቃል።

ጊዜ ከተረፈ አንድ ዕቃ መሃል አስቀምጡና ሁለታችሁም ሳሉት። ቁልፍ፣ ጫማ፣ የተጨማደደ ወረቀት ይሆናል። በየአሥር ደቂቃው ደብተር ተቀያየሩና ሌላው ከደረሰበት ቀጥሉ። የሌላውን መስመር በላጲስ ማጥፋት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ባይፈቀድ እመርጣለሁ። የማልወደውን የሰው መስመር ሳላጠፋ መቀጠል ስገደድ፣ ያ ሰው ምን እያየ እንደነበር ማሰብ እጀምራለሁ።

በመሃል እጁን እዩት። እርሳሱን ከጫፉ ነው የሚይዘው ወይስ ከላይ? ከክርን ነው የሚስለው ወይስ ከጣት? ወረቀቱን ያዞራል? ይህን ቪዲዮ ላይ ማየት ይቻላል ትሉ ይሆናል። የእርሳሱ ድምፅ ግን ቪዲዮ ላይ ጠፍቷል፤ እጁ የት ላይ እንደሚያመነታም አርትዖቱ ቆርጦታል።

9. አስተያየት ሲጠየቅ

ካልተጠየቃችሁ አትስጡ። ከተጠየቃችሁ መጀመሪያ "ምኑን ልይልህ? ቀለሙን ነው ወይስ አቀማመጡን?" በሉ። ያያችሁትን ተናገሩ። "ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደዚህ ቀይ ነው፤ ከዚያ መውጫ አጣሁ" የሚል አስተያየት ይጠቅማል። "አልወደድኩትም" አይጠቅምም። ብሩሽ አንስታችሁ በሰው ሥራ ላይ "እንዲህ ብታደርገው" ማለት ክልክል ነው። ማሳየት ከፈለጋችሁ በሌላ ወረቀት ላይ አሳዩ።

10. ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ልናገር። አንድ ጊዜ ያገኘሁት ሰዓሊ ገና ያላለቀ ትልቅ ሥራ አሳየኝ። አንስቼ ማታውን ለጠፍኩት። ከልቤ ላመሰግነው ነበር። ሥራው ግን ኤግዚቢሽን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ የተያዘ ነበር። ወዲያው ባጠፋውም ሰዎች ስክሪንሾት አድርገውታል። ይቅርታ ጠይቄ ይቅር አለኝ፤ እስካሁን ግን ጅምር ሥራ አያሳየኝም።

ሦስት ነገር ለየብቻ ጠይቁ። ላንሳ? ልለጥፍ? ስምህን ልጥቀስ? አንዱን መፍቀድ ሌላውን መፍቀድ አይደለም። የሰውየው ፊትም እንደ ሥራው ነው፤ ሥራውን እንጂ መልኩን ማሳየት የማይፈልግ ብዙ ሰው አለ። የምትለጥፉ ከሆነ ቤት ከገባችሁ በኋላ ይሁን። ያላችሁበትን ቦታ እዚያው ሆናችሁ ለማያውቋችሁ ሰዎች አታሳውቁ።

11. ሥራ መለዋወጥ

ጀርመናዊው ሰዓሊ አልብሬክት ዱረር ኑረምበርግ፣ ጣሊያናዊው ሰዓሊ ራፋኤል ሮም ነበሩ። በአካል መገናኘታቸው አይታወቅም፤ ሥራ ግን ይላላኩ ነበር። ዛሬ ቪየና በሚገኘው አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ በቀይ ጠመኔ የተሠራ የራቁት ወንዶች ንድፍ አለ። ዱረር በገዛ እጁ ዓመቱን 1515 (እ.ኤ.አ.) ብሎ ጽፎበታል፤ ራፋኤል እጁን ሊያሳየው እንደላከለትም አስፍሯል። "እጁን ሊያሳየው" የምትለዋን ቃል በጣም እወዳታለሁ። ሰዓሊ ለሰዓሊ ሥራ ሲሰጥ ሌላ ምን ይሰጣል?

ልውውጡ አብራችሁ ከሠራችሁት ይሁን። የታጠፉት ሁለት ወረቀቶች ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ፤ አንድ አንድ ትወስዳላችሁ። ትልቅ ያለቀ ሥራ በመጀመሪያው ቀን አትስጡ፤ ተቀባዩን ባለዕዳ ያደርገዋል። የወሰዳችሁት ላይ በስተጀርባው በእርሳስ ጻፉ፤ ቀኑን፣ የሁለታችሁን ስም፣ የተሠራበትን ቀለም። እስክሪብቶ ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል።

በብዙ አገሮች ሕግ ሁለት ሰው አብሮ የሠራው ሥራ የቅጂ መብቱ የሁለቱም ነው። ስለዚህ ወደፊት አንዳችሁ ለመሸጥ ወይም ለማሳተም ብትፈልጉ እንዴት ይሆናል የሚለውን እዚያው ተነጋገሩና በሜሴጅ ጻፉት። ሁለት መስመር ይበቃል።

12. ካልሆነስ?

አንዳንዴ አይሆንም። ሥራውን የምትወዱት ሰው አብሮ ለመቀመጥ የማይመች ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ሲደርስ አመስግናችሁ ተለያዩ፤ ሥራውን መውደዳችሁን ቀጥሉ። ቦታ እንቀይር እያለ የሚጎተጉት፣ ስቱዲዮዬ ቅርብ ነው እያለ የሚጫን፣ ሳይጠየቅ የሚነካ ከሆነ ግን ሰዓት አትጠብቁ። ምክንያትም አትፈልጉ። ተነስታችሁ ሂዱና ለነገራችሁት ሰው ደውሉ።

13. ከተለያያችሁ በኋላ

በማግሥቱ አጭር ሜሴጅ ላኩ። "ደስ የሚል ቀን ነበር" ብቻ አትበሉ። "ጥላ ላይ ስለ ሐምራዊ የነገርሽኝን ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት" ብላችሁ ሙከራውን አያይዙ። የተፈቀደላችሁን ፎቶ ላኩ። ልላክ ያላችሁት ነገር ካለ በሦስት ቀን ውስጥ ላኩ፤ ከዚያ ካለፈ ይረሳል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ስቱዲዮ ከሆነ ምንም ዕቃ ከቦታው አታንቀሳቅሱ። የተዝረከረከ የሚመስለው ሁሉ ለባለቤቱ ቦታ ቦታ አለው። ግድግዳና ወንበር ከመደገፋችሁ በፊት እርጥብ ቀለም መኖሩን ጠይቁ። አስም ካለባችሁ ወይም የዘይት ቀለም የሚቀጥነው ተርፐንታይን ሽታው የሚያውካችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ መስኮት ይከፈታል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ሳትነሱ አድርጉ። ከጀመራችኋቸው ሥዕሎች አንዱን ሆን ብላችሁ ሳትጨርሱ ተዉት። አንዳችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ቤት ውስጥ ጥቂት ጨምሩበት። ጀርባው ላይ በእርሳስ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ጻፉ።